የአዴ ሙሚና ድርሻ

የእናቷ ሬሳ ገና አልታጠበም ነበር፤ ሳፊያ የወንድሟን ድምፅ ከጓሮው አጥር ማዶ ሰማችው። ለአጣቢዎቹ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ ሳለች ነው። አብዱልቃዲር ከቀበሌው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር ከአቶ አሰግድ ጋር ቆሞ በዝግታ ያወራል። ስለ መቃብሩ ቁፋሮ ወይም ስለ ድንኳኑ ሸራ የሚነጋገሩ መስሏት ጆሮዋን አልሰጠችም ነበር። ኋላ ግን ወንድሟ፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ወደ እኔ ዞረ ማለት ነው?» ሲል ሰማች። አሰግድ ጉሮሮውን ጠረገ። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቁ እሱንም ያሳፈረው ይመስላል። ድርሻ ለወራሽ እንደሚተላለፍ፣ ወራሹ የቀበሌው ነዋሪ እስከሆነ ድረስ የሚከለክለው እንደሌለ፣ ነጋዴ መሆኑም ድርሻ ለመግዛት እንጂ ለመውረስ እንቅፋት እንደማይሆንበት ነገረው። «ድስቶቹስ?» አለ አብዱልቃዲር። «ድርሻው እኮ ድስቶቹ ናቸው» አለ አሰግድ፤ «እናትህ ሌላ ምን አስገቡ?»

ሳፊያ ጣሳውን በርሜሉ ውስጥ እንደነከረች ቆየች። ከዚያ ሞልታ ባልዲው ላይ ገለበጠች፤ ደግማ ሞላች። ቤት ውስጥ ሴቶቹ ውኃ እየጠበቁ ነው። ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነው፤ የፊተኛው ሰሌን የተነጠፈበት፣ የውስጠኛው እናትና ልጅ ለአሥር ዓመት ያህል አንድ አልጋ የተጋሩበት። ሳፊያ ባሏ ከፈታት ወዲህ የኖረችው እዚህ ነው። አሁን አልጋው ቆሞ ግድግዳ ተደግፏል፤ እናቷ ሳንቃ ላይ ተጋድማለች፤ ክፍሉ ለሬሳው የተዘጋጀው ካፉር ይሸታል። ከጎረቤት ሴቶች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አዴ ኢፍቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው የአቡጀዲውን ጥቅል ይፈታሉ። ጨርቁን ከኅብረት ሱቅ ያወጡት በራሳቸው ኩፖን ነው፤ ለራሳቸው ከፈን ብለው ያስቀመጡት ነበር። ሳፊያ ስትገባ ፊቷን አይተው ምን ሆንሽ አሉ፤ ወዲያው ጥያቄያቸው እሳቸውንም ገርሟቸው ወደ ጥቅሉ ተመለሱ። እናቷ የሞተባት ሴት ምን ሆንሽ አትባልም።

ስድስቱ ድስቶች የእናቷ የአዴ ሙሚና አልነበሩም። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። የሴቶቹ አፎሻ ነበሩ፤ ለሞትም ለኒካም የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። ሴቶቹ በየወሩ ሳንቲም እያዋጡ፣ ጃንሆይ በነበሩበት ዘመን ከድሬዳዋ ገዝተው፣ እስከ ሚኤሶ በባቡር፣ ከዚያ ሽቅብ በጭነት መኪና ያስመጧቸው ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ በግ የሚውጡ የመዳብ ድስቶች ናቸው። አዴ ሙሚና ዕቃ ጠባቂ ስለነበረች በዚህ ቤት ጓዳ ተደርድረው ነበር። የማን ናቸው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሞት የደረሰበት ቤት ይልካል፤ ይወስዳል፤ አጥቦ ይመልሳል። ከአፎሻው የምትወጣ ሴት ባዶ እጇን ትወጣለች፤ አዲስ የምትገባም የቀደሙት ያወጡትን ክፈይ አትባልም። አይሸጡም፤ አይካፈሉም።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ከክረምቱ በፊት አብዱልቃዲር አሰግድን ይዞ እዚሁ ሰሌን ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ያስረዳው ሌላ ነበር። የአፎሻችሁ ንብረት የማንም ያልሆነ፣ የሞተ ንብረት ነው፤ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ግን እያንዳንዱ ሰው ድርሻ አለው፤ ድርሻው ትርፍ ያመጣል፤ ማኅበሩ ምግብ ቤት ስለሚከፍት ድስት ቸግሮታል፤ ድስቶቹን በድርሻነት ብታስገቡ ስኳርና ዘይት ሲመጣ ከሰልፉ ፊት ትቆማላችሁ አላቸው። አንድ እክል ብቻ ነበር፤ በደንቡ ድርሻ የሚይዘው ሰው እንጂ ማኅበር አይደለም። አንድ ስም ያስፈልጋል። ሴቶቹ የአዴ ሙሚናን ስም ሰጡ፤ ከእሷ በላይ ማንን ያምናሉ? ዱዓ ተደርጎ ድስቶቹ ወጡ። አዴ ሙሚና የገባት በራሷ መንገድ ነበር። ይኼም አፎሻ ነው፤ ግን ሰፋ ያለ፣ ክርስቲያኑም ያለበት፣ መንግሥት የሚያውቀው አፎሻ ነው ብላ ነው የተቀበለችው፤ ሞት ሲመጣ ድስቱ እንደ ድሮው ይሰጣል ብላ። ከሴቶቹም አንዷ እንኳ ይህ ይቀር ይሆን ብላ አልጠረጠረችም። እንዲህ ያለ ነገር ሊቀር ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

አብዱልቃዲር ወደ ቤት ገባና በሩ ላይ ቆሞ በለሆሳስ አናገራት። ዓይኑ ቀልቷል፤ አልቅሷል፤ ማልቀሱ ውሸት አልነበረም። ለዛሬ ድስቶቹን ከአሰግድ ጋር ተነጋግሮ እንዳስፈቀደ፣ ሁለት ሴቶች አስከትላ ሄዳ እንድታመጣ፣ ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ስለሆነ እንዳትዘገይ ነገራት። አጥር ጥግ ስለተባለው ምንም አላነሳም። እሷም አላነሳችም። እሺ አለችው። ሲመለስ ትከሻው ላይ የተጣለው አዲስ ፎጣ ዓይኗን ያዘው፤ የሱቁ የዋጋ ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም።

ከላይኛው ሰፈር ወደ አስፋልቱ ሲወረድ መንገዱ ድንጋያማ ነው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ከየጓሮው የወጣው እጣቢ በጎዳናው መሐል ይንቆረቆራል። ጫት የጫኑ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ወደ ድሬዳዋ ያልፋሉ፤ ከበደሳ የመጡ ገበሬዎች የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጠው የገበያ ሰዓት ይጠብቃሉ፤ የማሽላ ዋጋ እንደገና መጨመሩን አንዱ ለአንዱ በኦሮምኛ እየነገረ ሁለቱም ይስቃሉ፤ የሚያስቅ ነገር ስላለ አይደለም። ሳፊያ ከተራሮቹ ላይ የሚነሳውን ጉም ታይ ነበር። ጉሙ ቀስ ብሎ እየተገፈፈ ዛፍ በዛፍ ይገለጣል፤ እና ለጥቂት ጊዜ እናቷ መሞቷንም ወንድሟ የተናገረውንም ረስታ፣ እዚያ ላይ ዛሬ ማንም የማይጠራት ሴት ሆና የቆመች መሰላት። አብረዋት ከወረዱት ሁለት ሴቶች አንዷ ክንዷን ስትይዛት ምግብ ቤቱ በር ላይ ደርሰዋል።

የማኅበሩ ምግብ ቤት ድሮ የአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ የነበረ ሰፊ አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ ክንዳቸውን ያነሱ ሠራተኞች ሥዕል ተለጥፏል፤ ሥዕሉ ከሥሩ የወጥ ፍንጣሪ ተረጭቶበት ዝንብ ሰፍሮበታል። ማዕድ ቤቱ በጓሮ በኩል ነው። ክርስቲያኗ ጎረቤታቸው ዓይናዲስ እዚያ ወጥ ሠሪ ነበረች፤ ሳፊያን ስታይ ማማሰያዋን ጥላ አቀፈቻት፤ ሁለቱም ቆመው አለቀሱ። ከዚያ ዓይናዲስ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ሌሎቹ ሴቶች በማይሰሙበት ጥግ ወሰደቻት።

«ሳፊያዬ፣ ድስቶቹን ልትወስጂ ነው የመጣሽው?»

«አዎ፤ ለሰደቃው።»

«እንግዲህ ከእኔ ስሚው። ኋላ አስበላሽን እንዳትሉኝ። ከፋሲካ ወዲህ የክርስቲያን ሥጋ ነው የሚሠራባቸው። መጀመሪያ ለየብቻ ነበር፤ ሁለቱ ለእኛ፣ አራቱ ለእስላሙ። ከዚያ እንጨቱ ተወደደ፣ ጊዜ አጠረ ተባለና ተቀላቀለ።»

ሳፊያ ወንድሟ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። ዓይናዲስ መሬት መሬት አየች።

«ዕቃ ሃይማኖት የለውም ያለን እኮ እሱ ነው» አለች።

ድስቶቹ ከምድጃው ኋላ ተደራርበው ነበር። ሳፊያ ጠጋ ብላ አየቻቸው። መዳቡ ጠቁሯል፤ በከንፈራቸው ዙሪያ የቆየ ጮማ ረግቶ ቢጫ ሆኗል፤ ከአንደኛው ውስጥ የትናንት አጥንት ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። ሽታው አፍንጫዋን መታት። የከበዳት የሥጋው ሽታ አልነበረም፤ ከዓይናዲስ ጋር አንድ ግቢ አድጋለች፤ የሁለቱን ቤት ሽታ አሳምራ ታውቃለች። የከበዳት የድስቶቹ መረሳት ነበር። እናቷ እነዚህን ድስቶች ማንንም አምና ሳትሰጥ፣ ዓርብ ዓርብ በአመድና በሎሚ ራሷ እየፈተገች እንደ መስታወት ፊት እስኪያሳዩ ታወለውላቸው ነበር።

ዓይናዲስ ሌላም ነገር ነገረቻት። ክረምት ላይ፣ የላይኛው ሰፈር አንዲት ሴት ልጇ የሞተባት ጊዜ፣ አዴ ሙሚና ድስት ልትወስድ ራሷ መጥታ ነበር። በር ላይ የነበረው ሰው ለግለሰብ አይወጣም አላት። እኔ ግለሰብ አይደለሁም፤ ለአፎሻው ነው አለችው። እዚህ አፎሻ የሚባል አባል የለም፤ በመዝገብ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ የምትፈልጊ ከሆነ በኮሚቴ ይታያል አላት። አዴ ሙሚና በሩ ጥግ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ምሳ ሰዓት አልፎ፣ ተስተናጋጁ ሁሉ ወጥቶ፣ አዳራሹ እስኪጠረግ ድረስ እዚያው ቁጭ ብላ ነበር። ዓይናዲስ ሻይ ወስዳላት አልጠጣችም። «ለሳፊያ አትንገሪብኝ፤ ለአፎሻው ሴቶችም አትንገሪ፤ ለዛሬ ተይዘዋል እላቸዋለሁ» ብላ ጠዋት የመጣችበትን መንገድ ትታ በወንዙ በኩል ዞራ ሄደች። ሳፊያ ያኔ ገባት፤ እናቷ ከዚያ ክረምት ወዲህ ወገቤን እያለች ከአፎሻ ስብሰባ የቀረችው፣ ሴቶቹ ሊጠይቋት ሲመጡ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትተኛው ለምን እንደነበር።

አሰግድ ከኋላቸው ደረሰ። ራሱን ዝቅ አድርጎ አላህ ነፍሳቸውን ይማር አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ በሕይወቱ አንድ ሳንቲም የሰረቀ አይመስልም። ባለ ድርሻው ስለፈቀደ ድስቶቹ ለዛሬ ያለ ኪራይ እንደሚወጡ፣ ነገ ከአውራጃው እንግዶች ስላሉ ግን ማታ መመለስ እንዳለባቸው ነገራት። ከዚያ ወንድሟን ከእንግዲህ የምግብ ቤቱ ኃላፊ አድርገው ለማቅረብ ማሰባቸውን፣ ሱቁ ከተወረሰበት ወዲህ ሲንከራተት ማየቱ እንዳሳዘነው፣ ኃላፊነቱ ግን ድርሻ ለሌለው ሰው ስለማይሰጥ እስከዛሬ መቸገራቸውን አከለ። እንደ መልካም ዜና ነበር የነገራት። ሳፊያም፣ ምላሷ ከየት አምጥቶት እንደሆነ ሳታውቅ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለችው።

ድስቶቹን በጋሪ አስጭነው ሽቅብ ወጡ። ጋሪው በየጉድባው ሲንገጫገጭ መዳቡ እየተጋጨ ይጮኻል፤ በየበሩ የቆሙ ሴቶች ድምፁን አውቀውት የአዴ ሙሚና ድስቶች መጡ እያሉ ተከተሉ። ግቢው ውስጥ ሲወርዱ ግን አዴ ኢፍቱ ክዳን አንስተው አሸተቱ፤ ቀና ብለው ሳፊያን አዩዋት። ሳፊያ ዓይናዲስ ስለ ሥጋው የነገረቻትን ነገረቻቸው፤ የእናቷንና የአጥር ጥጉን ግን አልነገረቻቸውም። ሴቶቹ ባንድ ጊዜ ጮኹ፤ አንዷ በዚህስ አልበላም አለች፤ አንዷ ደግሞ በየቤታችን ሄደን በትንንሽ ድስት እንሥራ አለች። አዴ ኢፍቱ ወደ ወንዶቹ ድንኳን ጠጋ ብለው ሼህ ሐምዛን በመጋረጃ ማዶ ጠየቋቸው። ሼህ ሐምዛ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር ማክረር አይወዱም። ታጥቦ የጠራ ዕቃ ምንም የለበትም፤ እጠቡና ሥሩበት አሏቸው። በዚያ ክርክሩ አለቀ።

አመድ መጣ፤ አሸዋ መጣ፤ ጭድ መጣ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በጉልበታቸው ተንበርክከው ፈተጉ። የጮማው ቅርፊት በቢላ ጫፍ እየተፋቀ እንደ ሰም ይወርዳል። የአብዱልቃዲር ሚስት ዙለይኻ ትልቁን ድስት ለብቻዋ ይዛ አንገቷ እስኪሰወር ውስጡ ገብታ ትፈትጋለች። ከሴቶቹ ማንም ስለ ባሏ አላነሳባትም፤ እሷም ስለ ማንም አላነሳችም። እጣቢው በግቢው መሐል ወርዶ ከወንዶቹ ድንኳን ሥር ሲደርስ ሰዎች ጫማቸውን እየሰበሰቡ ቦታ ይለውጡ ነበር። ቀትር ሲሆን ጀናዛው ወጣ። ሴቶቹ በአመድ እንደተቀቡ እጃቸውን አንስተው በሩ ላይ ቆሙ። ቃሬዛው ከሚያስቡት በላይ ቀላል ይመስል ነበር፤ ወንዶቹ የተሸከሙት ሳይሆን ቃሬዛው የሚጎትታቸው ይመስል በፍጥነት ቁልቁል ሄዱ። አብዱልቃዲር ከፊት ሆኖ ትከሻውን ሰጥቶ ነበር። ሳፊያ እስኪሰወር ድረስ ያየችው የእናቷን ሬሳ ሳይሆን የወንድሟን ጫንቃ ነው፤ ይህም በኋላ አስጠላት።

ከቀብር ሲመለሱ ሩዙ ደርሶ፣ ሥጋው በመረቁ ቀልጦ ነበር። ድስቶቹ ታጥበው እንደ ድሮው ባያበሩም ቀልተዋል። ሴቶቹ በሳህን እያወጡ በመጋረጃው ሥር ያቀብላሉ፤ ወንዶቹ ይቀበላሉ። ሳፊያ በመጋረጃው ቀዳዳ ወንድሟን ታየዋለች። ከሼህ ሐምዛ ጎን ተቀምጦ ሰው ሁሉ እየመጣ ያጽናናዋል፤ አላህ ያጥናህ ይሉታል፤ እሱም ቀኝ እጁ ወጥ ስለነካ በክርኑ ይጨባበጣል። ርቦት ነበር መሰል፤ ከጠዋት ጀምሮ አልበላም። አጥንቱን በሁለት እጁ ይዞ ቅልጥሙን እየመታ ይመጥጣል፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይልሳል፤ እየላሰ ያለቅሳል፤ እንባውን በክንዱ ጠርጎ እንደገና ሩዝ ይጠቀልላል። ሁለቱም እውነተኛ ነበሩ፤ ለቅሶውም ረኃቡም። ሳፊያን ያስቸገራት ይኸው ነበር፤ አንዱ እንኳ ውሸት ቢሆን ይቀላት ነበር።

የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ተሰግዶ፣ ጫቱ ተዘርግቶ፣ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ጋሪው ግቢ ገባ። ሴቶቹ ድስቶቹን አጥበው በረድፍ ደፍተዋቸው ነበር። ወደ ጓዳ እናስገባቸው ወይስ እዚሁ ይደሩ እየተባባሉ ሳለ አብዱልቃዲር ከድንኳኑ ወጣ፤ ሼህ ሐምዛንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትሏል። ሰው በተሰበሰበበት ቢሆን ይሻላል፣ ኋላ ሐሜት እንዳይመጣ ብሎ ጀመረ። በዝግታ፣ ሰው እያየ፣ ሱቁ በነበረበት ዘመን ጨርቅ ሲለካ እንደሚያወራው አወራ። የእናታቸው ድርሻ በስሟ እንደነበረ፣ በደንቡም በሸሪዓውም ለልጆቿ እንደሚያልፍ፣ ማኅበሩ በአራቱ ድስት ድርሻውን ሊያጸናለት እንደተስማማ፣ ሁለቱን ግን እሱ ለምኖ እንዳስቀረ ተናገረ። ከዚያ ራሱ ጎንበስ ብሎ ከረድፉ ሁለቱን፣ ትንሾቹን፣ አንስቶ ሳፊያ እግር ሥር አስቀመጣቸው።

«ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ ነው። ሲሶሽ ይኸውልሽ። የአላህን ሕግ አላጓድልም።»

በመጀመሪያ ማንም የገባው አልነበረም። ከዚያ ከሴቶቹ መሐል አንድ ጉርምርምታ ተነሳ፤ ድስቶቹ እኮ የእኛ ናቸው የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ፤ ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት አዩ። አብዱልቃዲር ድምፁ ወደመጣበት ዞሮ፣ በትሕትና፣ ይህ ጥያቄ ድስቶቹ ሲሰጡ መነሳት እንደነበረበት፣ ስሙን የመረጡት ራሳቸው እንደሆኑ፣ ዱዓ ያደረጉበትም እነሱ እንደሆኑ አስታወሳቸው። ያለው ሁሉ ልክ ነበር። አዴ ኢፍቱ የሳፊያን ቀሚስ ከኋላ ሳብ አደረጉ። «ተቀበዪው» አሉ በሹክሹክታ። «ሁለቱ እንኳ ይትረፉልን፤ ኋላ ለአፎሻው ትመልሻቸዋለሽ።» ዙሪያዋን የቆሙት ሴቶች ዓይን ሁሉ ያንኑ ይላት ነበር። ነገ ሞት አለ፤ ከነገ ወዲያም አለ፤ ሁለት ድስት ከምንም ይሻላል።

ሳፊያ ሁለቱን ድስቶች አየቻቸው። ማንሳት ብቻ ነበር። እጇን ከዘረጋች ግን፣ የእናቷ ነበሩ ማለቷ ነው፤ የእናቷ ከነበሩ አራቱም የእሱ ናቸው፤ እናቷም በዚያ በር ጥግ ድንጋይ ላይ ያን ቀን የዋለችው የራሷን ዕቃ ተከልክላ እንጂ የሰፈሩን አደራ አስበልታ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ሁሉ በቃል ልትናገር አልቻለችም። ያወጣችው ሌላ ነው፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም።

«የእናቴ ድርሻ ዛሬ ተበልቷል» አለች። «ሞተች፤ ተቀቀለላት፤ ሰው በላ። የአፎሻ ሴት ያላት ድርሻ ይኼ ነው። አንተም በልተሃል፤ እኔ ሳቀብልህ ነበር። የሚወረስ ነገር አልተረፈም።»

ሼህ ሐምዛ መቁጠሪያቸውን አንድ ሁለት ጊዜ አሻሹና ሐዘን ቤት እንዲህ ያለ ነገር እንደማይነሳ፣ ሁሉም በጊዜው እንደሚታይ ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ አዎ፣ በጊዜው አሉ። አብዱልቃዲር እህቱን አልተቆጣም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ሐዘን ነው፣ አትፍረዱባት አለ፤ ፊቱ ላይ ለታናሽ ልጅ የሚሰጥ ፈገግታ ነበር። ከዚያ ለጋሪው ባለቤት ምልክት ሰጠ። አራቱ ተጫኑ። ሁለቱ መሬት ላይ ቀሩ፤ ሰው ሁሉ እነሱን ያይ ነበር። አብዱልቃዲር ትንሽ አሰበና ራሱ አነሳቸው። ሐዘኗ እስኪበርድላት እሷ ዘንድ ቢቀመጡ ይጎዳሉ፤ እኔ በአደራ ልያዝላት ብሎ በሌሎቹ ላይ ደረባቸው።

ጋሪው በበሩ ሲወጣ እሱ ከጎኑ ሄደ፤ ክዳኖቹ እንዳይንኳኩና የለቅሶውን ቤት እንዳይረብሹ አንድ እጁን ከላይ ጭኖ ነበር። ወንዶቹ ወደ ድንኳናቸው ተመለሱ፤ ጫት የሚቀነጥስ እጅ ድምፅ እንደገና ተሰማ። ከሴቶቹ አንዷ ሳፊያን ለማንም አይጠቅምም ያደረግሽው አለቻት። ሌላዋ ሁለቱን አስበላሽን አለች። አዴ ኢፍቱ ዓይናቸውን ከሳፊያ አሽሽተው የአቡጀዲውን ቅዳጅ እያጠፉ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ።  ትክክል ይሁኑ አይሁኑ ሳፊያ ራሷም አታውቅም ነበር፤ የምታውቀው እጇ አልዘረጋ እንዳላት ብቻ ነው። ሴቶቹ በየሳህኖቻቸው ላይ አጎነበሱ፤ ያንቺ ነው፣ የእኔ ነው እየተባባሉ በየቤታቸው ምልክት ይለዩ ጀመር።

ዙለይኻ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ በመዘፍዘፊያው ሥር ተቀምጣ ነበር።  አሁን ሳህን እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ ለማን እንደምትናገር በማይታወቅ ድምፅ፣

«እኔስ?» አለች።

ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

«እኔ ነገ ብሞት፣ በማን ድስት…» አለች፤ አልጨረሰችውም። አፎሻ ውስጥ የገባችው ገና ሙሽራ ሳለች ነው፤ ለስንቱ ሬሳ ውኃ አሙቃለች። ሴቶቹ ማጠባቸውን አላቆሙም። ውኃው ቀዝቅዞ፣ ስቡ በላዩ ላይ እንደ ስስ ቆዳ ረግቷል።  ሳፊያ ከመዘፍዘፊያው አንድ ሳህን አውጥታ አቀበለቻት። ዙለይኻ ተቀብላ በሻሿ ጫፍ ማድረቅ ጀመረች፤ ሳህኑ ከደረቀም በኋላ ለረጅም ጊዜ ስታደርቀው ቆየች።